የመጀመሪያዋ ጀሪካን

ይህ የደረሰው በ2014 ዓ.ም. መርሳ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከተማችን ወራት ሙሉ ተይዛ ከቆየች በኋላ በተለቀቀች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ። በጦርነቱ ጊዜ ከዚህ የባሰ ያየ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እኔም ራሴ የባሰ አይቻለሁ። ነገር ግን ያን ሁሉ ያደረጉት ሌሎች ናቸው። ይህንን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ከልቤ አልወጣ ያለውም ለዚህ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ።

የምሠራው ነዳጅ ማደያ ውስጥ ነው። ከመሬት በታች የተቀበሩ ሦስት ታንከሮች አሉን፤ አንዱ የናፍጣ፣ አንዱ የቤንዚን፣ ሦስተኛው የላምባ። ጦርነቱ ከመምጣቱ ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ለሥልጠና ተልኬ ነበር። አሠልጣኙ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኝ ድምፅ ያለው ሰው ነበር፤ አንድ ነገር ግን እስኪያንገሸግሸን ደጋግሞ ነግሮናል። እንዲህ ያለ አደገኛ ቦታ ላይ ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው የለመደውን ሥራ ሲሠራ አይደለም፤ አንድ ነገር ሲለወጥ ነው ይለን ነበር። የመቅጃ ጎማ ሲቀየር፣ ታንከር ሲቀየር፣ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ አንድ ነገር ሲነካ። ስለዚህ ለውጡ ከመደረጉ በፊት ይጻፋል፣ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ይታሰባል፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ ሥራው ላይ ላለ ሰው ሁሉ ይነገራል።

እኔም ተመልሼ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ጥቁር ደብተር ገዛሁ። አንዲት ጎማ ብትቀየር እጽፋለሁ። የፓምፕ ብሎን ብትለወጥ እጽፋለሁ። ባልደረቦቼ «ሚስትህ ሹሩባዋን ስትቀይርም ታስፈርማታለህ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ግን መጻፌን አላቆምኩም። በመርሳ ጠንቃቃ ሰው ነው የሚል ስም ያተረፍኩት በዚህች ደብተር ነው።

ከደብተሬ በፊት የነበረ ሌላ ልማድ ደግሞ አለን። ነዳጅ ጠፍቶ ሰንብቶ ቦቴ ሲመጣ አንድ ትልቅ ሰው ተጠርቶ ዱዓ ያደርጋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። ከዚያ የመጀመሪያዋ ጀሪካን ለመረቀው ሰው በነጻ ትሰጣለች። እኛ ዘንድ ይህን እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው አላየሁም።

ወልድያ ተያዘች የተባለ ዕለት የመርሳ ሰው ነቅሎ መውጣት ጀመረ። መንገዱ ወደ ደሴ በሚሄድ ሰው፣ በሬ፣ አህያ፣ ፍራሽ በጫነ ባጃጅ ተሞላ። እኔም ቤተሰቤን ግራና የምትባል ትንሽ ከተማ ወዳሉት አማቶቼ ልኬ ማደያውን ልዘጋ ስገባ፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጥላሁን ቢሮ ውስጥ ጠበቁኝ።

«ቤንዚኑን ለማንም ጥለነው አንሄድም» አሉኝ። «የላምባው ታንከር ባዶ ነው። መቅጃውም ከተበላሸ ቆይቷል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እዚያ እንገልብጠው። ስንመለስ ያስፈልገናል።»

«ደብተሩ ላይ ላስፍረው?» አልኳቸው።

«ጤነኛ ነህ? የሚደበቅ ነገር ይጻፋል እንዴ? አንተና እኔ ካወቅን ይበቃል።»

አልጻፍኩም። ደብተሩን ከገዛሁ ጀምሮ ሳልጽፍ ያለፍኩት የመጀመሪያው ለውጥ ያ ነበር።

ቤንዚኑን ገልብጠን ክዳኑን አፈር ስናለብስ በሩ ተንኳኳ። ከድር ነበር፣ ባለባጃጁ። አባቱ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ እግራቸው ቆስሏል። «ወንድሜ፣ ሁለት ሊትር ብቻ። አባቴን ሀይቅ እንኳ ላድርሰው» አለኝ። አቶ ጥላሁን ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«አልቋል» አልኩት። እጄ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ።

ከድር እጄን አየ። ባጃጁን ማደያው ግቢ ውስጥ ትቶ አባቱን አዝሎ ሄደ። በኋላ እንደሰማሁት አባቱ ከተማው ሳይለቀቅ፣ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ሞቱ። በዚያ መንገድ ብዙ ሰው ሞቷል፤ ሁለት ሊትር ቤንዚን ያድናቸው እንደነበር አላውቅም። አለማወቄ ግን አያሳርፈኝም።

ያን ክፉ ጊዜ ግራና አሳለፍኩ። ከተማው ተለቀቀ ሲባል ማደያው ምን እንደሆነ ለማየት በእግሬ መጣሁ። መርሳ ስገባ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ሳምቡሳ እየጠበሱ የሚሸጡት እትዬ ዘሀራ ከሩቅ አዩኝና ስሜን ጠርተው ጮኹ። እሳቸው ከከተማው ንቅንቅ ያላሉ ሴት ናቸው።

«አልሃምዱሊላህ! በሕይወት አለህ! ና፣ ና ቁጭ በል» ብለው ትኩስ ሳምቡሳ በሳህን ሞልተው ሰጡኝ። ልከፍል ስል እጄን መቱት። «ሂድ ወዲያ! ከሞት የተረፈ ልጅ ያስከፍሉታል?»

የሚጠብሱት ሦስት ድንጋይ ጎልተው በእንጨት ነበር። መብራት ከጠፋ ወራት ሆኖታል፤ ላምባ ጭራሽ የለም። ዓይናቸው ቀልቶ እንባው ይወርዳል። «ልጄ፣ ላምባ መቼ ነው የሚመጣው? ምድጃዬ እንዳለ አለ። ይህ ጭስ ዓይኔን ጨረሰው» አሉኝ። እንደመጣ መጀመሪያ የምቀዳው ለእሳቸው እንደሆነ ቃል ገባሁላቸው። ከልቤ ነበር።

ማደያው ተዘርፏል። መቅጃዎቹ ተሰባብረዋል፣ ናፍጣው ተቀድቶ አልቋል፣ ቢሮው ውስጥ ያለው ወረቀት ሁሉ ለእሳት ማያያዣ ሆኗል። ጥቁሩ ደብተሬ ሽፋኑ ብቻ ቀርቶ አገኘሁት። የደበቅነው ቤንዚን ግን እንደነበረ አለ። አቶ ጥላሁንም ተመልሰው ነበርና፣ ከዝርፊያ በተረፈች በአንዲት የእጅ ፓምፕ እየቀዳን ለአምቡላንስና ለመኪኖች ሰጠነው። ሰዉ ከደሴ የመጣ መስሎት ከየት አመጣችሁ ያለ የለም።

ቤንዚኑ እንዳለቀ አቶ ጥላሁን «በነገው ቦቴ ላምባ ይመጣል» አሉኝ። ታንከሩ ግርጌ የቀረችውን በቀጭን ጎማ ስቤ አወጣሁ፣ ታንከሩንም አናፈስኩት። የቀረው ፓምፑ ነው። ያለን እሱ ብቻ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲቀዳ የከረመው ደግሞ ቤንዚን ነው። የእጅ ፓምፕ መቅዳት ሲያቆም በሆዱና በጎማው ውስጥ ያለውን አይለቅም። ላምባው ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው ያ የቀረው ቤንዚን ነው። ቤንዚን የተጨመረበት የላምባ ምድጃ ሲለኮስ እንደሚፈነዳ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

«ፓምፑን ነቅለን እንጠበው» አልኳቸው።

«ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰው ጨለማ ውስጥ ነው ያለው።»

«እንግዲያው የመጀመሪያው ሃያ ሊትር ለብቻው ተቀድቶ ይወገድ።»

«እሺ፣ አንተው ታደርገዋለህ» አሉና ሄዱ።

አንድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን አዘጋጅቼ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩበት። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም። ብነግር ያ ቤንዚን ከየት መጣ፣ ከደሴ ሲመጣስ ማን አየ ብለው ይጠይቁኛል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቦቴው መጣ። ግቢው በቢጫ ጀሪካን ተጥለቀለቀ። ከወራት በኋላ ሰው ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የማይተዋወቅ ሁሉ እየተቃቀፈ «ተረፍክ? ተረፍሽ?» ይባባላል። ላምባው ወደ ታንከሩ ተገልብጦ ሲያልቅ አቶ ጥላሁን እትዬ ዘሀራን ክንዳቸውን ይዘው አመጧቸው። እትዬ ዘሀራ አምስት ሊትር የምትይዝ ጀሪካን አንጠልጥለዋል። ከጎናቸው፣ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ፣ ከድር ቆሟል።

እትዬ ዘሀራ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ያ አላህ፣ ጨለማውን አንሳልን። የሄደውን መልስልን፣ የቀረነውን አሰባስበን። ይህን የሚቀዳልንን ልጅ እጁን ዓፊያ አድርግለት» አሉ። ግቢው በሙሉ «አሚን» አለ። እኔም አሚን አልኩ።

ቀይ ጨርቅ ያሰርኩበትን ጀሪካን ወደ ጎማው ሳስጠጋ አቶ ጥላሁን «እሱን ተወው፤ መጀመሪያ የእሳቸውን» አሉ።

«አቶ ጥላሁን፣ የመጀመሪያው እኮ...»

«የመጀመሪያው የእሳቸው ነው! በዱዓ የከፈቱልን እሳቸው ናቸው!»

ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። አቶ ጥላሁን ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። የረሱት አልመሰለኝም፤ የፈሩት እኔ የፈራሁትን ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «ፓምፑ ውስጥ ቤንዚን አለ» ማለት። ግን ቀጥሎ «የምን ቤንዚን?» ይመጣል። ቀጥሎም «ያን ዕለት አልቋል ያልከኝ?» ይመጣል። ከድር ከእኔ ሁለት እርምጃ ላይ ነው ያለው።

ከድርን አየሁት። ከዚያ የፓምፑን እጀታ ያዝኩና ቀዳሁላቸው።

ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። እትዬ ዘሀራ ክዳኑን ሊያጠብቁ ጎንበስ ሲሉ ለአፍታ ቆም አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ፈገግ አልኩላቸው። ጦርነቱ ውስጥ ያየሁትን ብዙ ነገር እየረሳሁ ነው፤ ያችን ፈገግታዬን ግን ልረሳት አልቻልኩም።

መርቀውኝ ሄዱ። ከዚያ ደንቡን ጠበቅሁ! ቀጥሎ የወጣውን ሃያ ሊትር በባለ ቀይ ጨርቁ ጀሪካን ቀድቼ ወደ ጎን አስቀመጥኩ። ለሕዝቡ ንጹሕ ላምባ ቀዳሁለት። ለራሴም ነገርኩት፤ እትዬ ዘሀራ እስከ አሱር ሶላት፣ እስከ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ምድጃ አይለኩሱም፣ ሊጡን ገና ማቡካት አለባቸው፣ ሰዉ ቀለል ሲል ንጹሑን ይዤ እሄድና እለውጥላቸዋለሁ።

ሰዉ ግን ቀለል አላለም። የተጋፋ አለ፣ የተጣላ አለ፣ ሁለቴ የተሰለፈ አለ። በየመሀሉ «አሁን እሄዳለሁ» እላለሁ። አንድ ሰው ልልክ እችል ነበር። ግን ምን ብዬ? የቀትሩ የዙሁር አዛን ተሰማ። መጨረሻ ላይ ፓምፑን ለባልደረባዬ አስይዤ አምስት ሊትር ንጹሕ ላምባ አንጠልጥዬ ወጣሁ።

መናኸሪያው ጋ ሳልደርስ ጩኸት ሰማሁ።

ሮጥኩ። ሰው ከቧል፣ አፈር ይበተናል፣ አንዱ ጋቢውን አውልቆ ይጠቀልላል። አንዲት ሴት ደረቴን ገፍታ «አንተ፣ ምን ይዘህ ነው ወደ እሳት የምትሮጠው?» ብላ ጮኸችብኝ። ያኔ ነው እጄን ያየሁት። ጀሪካኑን ይዤ ነበር።

እትዬ ዘሀራ ዱዓ አድርገው ከልብ ደስ ብሏቸው ስለነበር ከሌላው ቀን ቀድመው ነው ምድጃውን የለኮሱት። ሳምቡሳውን ላምባ ላመጣው ሾፌር ሊሰጡት አስበው እንደነበር ልጃቸው ሰዓዳ ነገረችኝ።

አልሞቱም። በአካባቢው ያለው ሕክምና ቤት ሁሉ ተዘርፎ ስለነበር የቃጠሎ ቅባት እንኳ አልተገኘም። በጭነት መኪና ደሴ ተወሰዱ፣ ከዚያም ወደ ሩቅ ተላኩ። ብዙ ወራት ቆይተው ሲመለሱ ግማሽ ፊታቸው ተጨማድዷል፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ተጣብቀው አይከፈቱም። በዚያ እጅ ሊጥ አይዳመጥም። ሠርቶ ማደር ለለመደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በመሀሉ ጉዳዩን የሚያጣሩ ሰዎች መጥተው ነበር። ነዳጅ የሚያውቅ ሰው ይናገር ተባለና እኔ ተጠራሁ። አቶ ጥላሁን ያዘጋጁት ወረቀት ላይ ምድጃው አሮጌ እንደነበር፣ ክሩም እንደተበላ ተጽፏል። ፈረምኩ። ደብተሬ ላይ ያልፈረምኩት ሰውዬ እዚያ ላይ ፈረምኩ።

እትዬ ዘሀራን ስኳርና ዘይት ይዤ እጠይቃቸዋለሁ። «የአላህ ቀደር ነው ልጄ» ይላሉ። ይህን ሲሉ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እመርጣለሁ። መልሼ ግን ሌላ ቀን ስኳር ይዤ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን ነዳጅ ጠፍቶ ከርሞ ቦቴ መጣ። አቶ ጥላሁን ደግሞ እንዲመርቁ እትዬ ዘሀራን አስጠሩ። እንዴት አስቻላቸው? እሳቸውም መጡ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ግራው ተከፈተ፣ ቀኙ እንደተጨበጠ ቀረ። ሰዉ «አሚን» አለ። እኔ አፌ አልከፈት አለኝ።

ያን ዕለት ከሥራ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። ሰዓዳም ነበረች። ከከድር ጀምሬ እስከ ፊርማዬ ድረስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰዓዳ ተነሳች፤ ያመጣሁትን ስኳርና ዘይት አንስታ በሩ ላይ ከጫማዬ አጠገብ አስቀመጠችው።

እትዬ ዘሀራ «ሽታውን አውቄው ነበር» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ክዳኑን ሳጠብቅ ቤንዚን ቤንዚን አለኝ። ቀና ብዬ አየሁህ፤ ሳቅህልኝ። ይህ ልጅ ጎማ ሲቀየር እንኳ የሚጽፍ ልጅ ነው፣ ክፉ ነገር ቢኖር ይነግረኝ ነበር አልኩ። ሌላ ሰው ቀድቶልኝ ቢሆን ወላሂ አልለኩሰውም ነበር።»

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። «እትዬ፣ አውፍ በሉኝ! ይቅር በሉኝ!»

«ተነስ፣ ተነስ። አሁን የነገርከኝ በተዘጋ ቤት ነው። ያን ቀን ዝም ያልከው በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ተናገርና ያኔ አውፍ እልሃለሁ። ከዚያ በፊት ብልህ ለአፌ ነው፣ ልቤ የለበትም።»

ይህ ከሆነ ቆይቷል። አቶ ጥላሁን ለቀው አዲስ አበባ ገብተዋል። እኔ ዛሬም እዚያው ነኝ። አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያን የቤንዚን ግልበጣ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ማን እንዲያነበው እንደሆነ እንጃ። ፓምፕ በተነካ ቁጥር የመጀመሪያውን ሃያ ሊትር ቀይ ጨርቅ ባሰርኩበት ጀሪካን እቀዳለሁ። ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ «ደንብ ነው» እላለሁ። ከድር በየሁለት ቀኑ ለባጃጁ ቤንዚን ሊቀዳ ይመጣል። «እንዴት ነህ ወንድሜ?» ይለኛል። ደህና ነኝ እለዋለሁ።

ጦርነቱን መውቀስ ይቀለኛል፤ አቶ ጥላሁንንም መውቀስ እችላለሁ። ሁለቱም ጥፋት አለባቸው። ነገር ግን ያን ዕለት እጀታውን የያዘው የእኔ እጅ ነበር፣ የተዘጋውም የእኔው አፍ ነው። በራሴ አፍራለሁ። በጠንቃቃነቴ ስም ያተረፍኩ ሰው መሆኔ ደግሞ ይበልጥ ያሳፍረኛል።

በግቢው ሕዝብ ፊት ቆሜ መናገር ሲያቅተኝ ይህን ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ስሜን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። እትዬ ዘሀራ ማንበብ አይችሉም፤ ሰዓዳ ታነብላቸዋለች። እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ስሙን ጽፏል?»